አንድ አናባቢ

ቤርሼባ፣ ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
ማቀዝቀዣው ሞቶ ሰው በላብ ሲሰቃይ፣
ጸሐፊዋ ጠራች መዝገቡን ገልጣ፦
«ፒርዳ!»
ማንም የለም ብድግ ብሎ የመጣ።
«ፒርዳ!»
ከኋላ ወንበር አንዱ ክትክት ብሎ ሳቀ።
ፒርዳ በዕብራይስጥ በቅሎ ናት፣ ሴት በቅሎ፤
ፊደሉ አናባቢውን መንገድ ላይ ጥሎ
አራት ሆሄ ብቻ ሰፍሯል ከመዝገቡ፤
የጎደለውን ድምፅ አንባቢው ይሙላው፣ እንዳሻው፣ ከልቡ።

«ፈረደ» አልኩ አርሜ። አስተርጓሚ ነኝ፣ በሰዓት ተከፋይ፤
ማታ ማታ ደግሞ ከኮሌጅ ወንበር ላይ
የሕግ ፍልስፍና እማራለሁ፤ ፈተናው እሑድ ነው፤
ግማሹን ገጽ በቢጫ አስምሬዋለሁ፣ ግማሹ ገና ነው።

ክሱ፦ ሰፈር ዳሌት፣ በሁለት ሕንጻ መካከል፣
የከተማ መሬት በቆርቆሮ አጥሮ ጎመን ቃሪያ መትከል፤
ቅጣት፣ ሰባት መቶ ሠላሳ ሼክል።

ቫዲም፣ የከተማው ጠበቃ፣ ሸሚዙ ያልተጨማደደ፣
«አንቀጹ ግልጽ ነው» አለና በጣቱ መስመር መስመሩን ወረደ።
«ደግ ነው ክፉ ነው፣ ይህን ሌላ ይፍረደው፤
ሥልጣን ያለው አካል በወጉ ነው ያጸደቀው።»
ቢጫው ገጽ ትዝ አለኝ፦ ሕግ ሕግን ተደግፎ፣
ያም ሌላውን፣ መሰላል ነው፣ ሽቅብ፤
የላይኛው እርከን በምን እንደቆመ
አይቶ የተመለሰ ሰው አላጋጠመኝም።

ፈረደ ተነሣ። ከዘራውን ከፊቱ ተከለ፣
በሰባ ስምንት ዓመቱ፣ እንደ ጥንት ሙግት «ተጠየቅ!» አለ።
«ጠርሙስ መጣያ ነበር፣ የውሻ መናኸሪያ፤
ዛሬ አምስት ቤት ይበላል ከዚያው ጎመን፣ ከዚያው ቃሪያ።
የበደልኩት ማነው? ይምጣና ይቁም ከፊቴ!
ተበዳይ የሌለውን ክስ ሕግ ሲሉት አልሰማሁም ከአባቴ!
በሕግ አምላክ!»

አፌ ተያዘ።
በጎንደር ገጠር ይህ ቃል የተነሣ ዱላ አየር ላይ ያቆማል፣
ፖሊስ ሳይኖር፣ ማኅተም ሳይኖር።
«በአምላክ ስም» ብዬ ብተረጉመው ጸሎት ይሆንብኛል፤
«በሕግ ስም» ብል ደግሞ ፖሊስ መጣ ይመስላል።
ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያሰረ ቃል በዕብራይስጥ አጣሁ፤
«ፍትሕ ይጠይቃል» አልኩ፣
አነስ አድርጌ፤ አፈርኩ።

ዳኛዋ ጥርሷን ታማለች፤ ጉንጯን በመዳፏ ይዛለች።
ሌላኛው ገጽ ይላል፦ አንቀጹን ተወው፣ ዳኛይቱን እያት፤
ፍርዱ የሚበስለው ከዚያ ካበጠው ድድ ሥር ነው።
ትናንት በአውቶቡስ ስቄበታለሁ።

በሩ አጠገብ ቀጣዩ ባለጉዳይ፣ ስዌይሊም፣ ከበረሃው መንደር፣
የቤቱን ማፍረሻ ትእዛዝ አራት እጥፍ አጥፎ ይዞ፣
በዐረብኛ ለራሱ «ሐቅ፣ ሐቅ» ይላል።
ፈረደ ዞር አለ፤ ቃሉ የኛም ነዋ።
ከላይ ደግሞ ዳኛዋ «ሖቅ» አለች፤ ሕግ ማለቷ ነው።

ሐቅ። ሖቅ።
የከንፈር ሾል ማለት ብቻ ነው ልዩነቱ፤
በእነሱ የጥንት አጻጻፍ ያው ሁለት ሆሄ ነው።
በኛ ፊደል ግን ሐቅ በሦስት እግሩ ይቆማል፣
ሖቅ በአንዱ።
የቪየናም የኦክስፎርድም ሊቃውንት መቶ ዓመት የተከራከሩባት
ይህችው ጠባብ ቀዳዳ ናት።

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። ደንቡ የወጣው፣ አለች፣
መሬቱ የሁሉም እንዲሆን ነው፤ አጥሩ ይነሣ፣ ጎመኑ ይቆይ፣
ቅጣቱ መቶ ሼክል።
ጥበብ ይሁን የጥርስ ሕመም፣ ለፈተናው አላውቅም።

ፈረደ ሁለት ሃምሳ ሼክል አወጣ፣ ገና ሳይጠየቅ።
ከዘራውን ነቀለና
«በፍርድ የሄደች በቅሎዬ…» አለ።
ጭብጦዋን አልጨመረም። ተረቱ ከግማሽ ቀረ፤
ረክቶ ይሁን ከፍቶት፣ ከዘራው ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ምን አለ?» አለችኝ ዳኛዋ።
በቅሎ ብዬ ብጀምር ያ ሳቅ ይመለሳል።
«ስሙን» አልኩ።