ደሞዝ የሌላት ወር

ጳጉሜ ገባች።
አምስት ቀን ተሸክማ፣ ደሞዝ ሳትይዝ መጣች።
አለቃዬ ጋሽ ደስታው ካልኩሌተሩን ነክቶ
የነሐሴን ከፍሎኝ፣ ለመስከረም ዘግቶ፣
«ጳጉሜማ የእግዜር ናት» አለኝ ፊቱ ፈክቶ።
አከራዬ እትዬ አትክልት ጉዴን ሲሰሙ
«ኪራይም የላት እኮ» ብለው አስታመሙ።

ትርንጎ ትናንት ሄደች፤ ለናቷ ነጠላ፣
ለወንድሟ ጫማ፣ ዘይት አንጠልጥላ።
«ነይ አብረን እንሂድ» ስትል በር ላይ ቆማ
«ሱቅ አለብኝ» አልኋት።
እውነት ነው፣ አለብኝ።
ሌላም እውነት አለ፤ እሱን አልነገርኋትም፦
ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሞላኝ፣
አገር ቤት ያሉት «የት ገባሽ?» ሲሉኝ
«ቢሮ» ብያቸዋለሁ፣
ፎቶ ኮፒ ቤት ማለት ቢያቅተኝ።
ይኸው ሦስተኛ በዓል፣
ያ ያልገባሁበት ቢሮ ፈቃድ ከለከለኝ።

በጳጉሜ ሦስት ሰማዩ ተከፈተ።
የግቢው ልጆች ራቁታቸውን አሸንዳው ሥር ተጋፉ፣
እኔም ጸጉሬን ፈትቼ ወጣሁ፤
ቀዘቀዘኝ፣ ጮኽሁ፣ ሳቅሁ።
ሻምፑ ይዤ ሲያዩኝ እትዬ አትክልት ተቆጡ፦
«የሩፋኤል ውሃ ሳሙና አይፈልግም!»

በዋዜማው ባሕር ዳር አበደች።
ከዘንባባው ሥር ባጃጅ ለባጃጅ ተፋጠጠ፤
ከአንዱ ውስጥ በግ አንገቱን አውጥቶ
ሒሳብ እንደከፈለ ሰው መንገዱን ያያል።
ብስክሌት እጀታ ላይ ሁለት ዶሮ ተዘቅዝቀው
ከተማዋን ገልብጠው ያዩዋታል፤
ምናልባት እንዲያ ይሻል።
ከሐይቁ ዳር የታጨደ ቄጤማ፣ ውሃው ገና ሳይንጠፈጠፍ፣
ሃምሳ ብር አንድ እቅፍ።

ፔዳ በር ግን ጭር ብሏል። ተማሪ የለም።
እኔና ማሽኑ እንተያያለን።
አርጅቷል፤ ድራሙ ተጭሮ
በየገጹ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር
ከላይ እስከታች ይለቃል።
ደንበኛ ሲቆጣ «የቀለሙ ነው» እላለሁ።

አንድ ልጅ መጣ፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣
ከሸሚዙ ሥር ወረቀት አወጣ።
አደይ አበባ፣ ግንዷ እንደ ዋርካ የወፈረ፤
ከታች ሰማያዊ። «ጣና ነው» አለ።
ጣና ላይ ታንኳ፣ ታንኳው ላይ ሰው፣
አንድ እጁ ካንዱ የረዘመ።
«ሃያ ኮፒ ስንት ነው?»
«ስልሳ ብር። ግን ጥቁርና ነጭ ነው።»
«እኔ እቀባዋለሁ።»
«ለምን ሁሉንም በእጅህ አትስልም?»
እንደ ሞኝ አየኝ።
«ቤቱ ብዙ ነው፤ ቀኑ አንድ ነው።»
ኪሱን ቢያራግፍ ሠላሳ ስድስት ብር፣ የአሥራ ሁለት ዋጋ።
ስምንቱን በዱቤ ሰጠሁት።
ስሙን ዕዳ መዝገቡ ላይ ጻፍሁ፦ ኪሩቤል፣ ሃያ አራት ብር።
መስመሩን አይቶ ምንም አላለም።

መስከረም አንድ፣ ጠዋት ሽምብጥ።
የግቢው በር ተንኳኳ፣ ከፈትሁ፤
እሱ ነው፣ ቤቴ መሆኑን አላወቀም፣
ደንግጦ አንዱን ወረቀት ዘረጋልኝ።
አበባዋ ቢጫ ሆናለች፣ ከጠርዟ ያለፈ ቢጫ።
ያ የማሽኔ ጭረት፣
ስንት ሰው የሰደበኝ፣
ረጅም እጅ ያለው ሰውዬ ጨብጦታል፤
ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ ቀረሶ፣
ዓይኑን በልጥጦ።

ሃምሳ ብር ሰጠሁት። ሃያ አራቱን ቆጥሮ መለሰ።
«የትናንቱ» አለና ሮጠ፣
ቀጣዩ በር ሳይቀድሙት።

ስዕሉን ከትርንጎ አልጋ በላይ ለጠፍሁት።
እማዬ ደወለች። ዶሮዋ ስትንጫጫ ይሰማኛል፣
ጎረቤት ሁሉ ቤቷ ነው፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ነው።
«እንኳን አደረሰሽ። ቢሮ ዝግ ነው?»
«ዝግ ነው።»
«ቆይ ግን፣ እዚያ ቢሮ ምንድነው የምትሠሪው?»
ዓሣውን አየሁት።
«አበባ አባዛለሁ።»
አንድ አፍታ ዝም አለች፤ ከኋላ ሰው ሳቀ።
ይግባት አይግባት እንጃ፣
«ያብዛልሽ፣ ልጄ» አለች፣
«እሱ ያብዛልሽ።»