አባ ውርጭ

ዶሃ ላይ ሐምሌ ነው፣ ደመና የማያውቅ ሐምሌ፣
የመኪና እጀታ የጣት ቆዳ የሚልጥበት፤
እኔ ከምድር ቤት፣ ካፖርቴን ደርቤ፣
ከአንዲት ቀይ ጠብታ ጋር አድራለሁ ፊት ለፊት።

ከፈረስ ልብ የወጣች ፕሮቲን ናት፤
ደርቃ፣ ተፈጭታ፣ በፖስታ የመጣች፣ በሚሊግራም የተሸጠች።
ጉራች ይሁን ዳማ፣ አምባላይ ይሁን ቦራ፣
በየትኛው መስክ እንደ ጋለበ፣ ማንን ጥሎ ማንን እንዳኮራ
ደረሰኙ አይናገርም።
የጥንት ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ የለ?
እኔም በብልቃጡ አንገት ላይ በእርሳስ «አባ ውርጭ» ብዬ ጻፍኩ።
ሂሊየም የሚቀዳልኝ ቢጁ ትርጉሙን ጠየቀ፤
ስነግረው ለብልቃጡ እጅ ነሥቶ ሳቀ።

መጀመሪያ ብረቱን አወጣንበት።
ፖርፊሪን ብረት ሲይዝ ብርሃን ውጦ ዝም ነው፤
ብረቱ ሲነሣ ነው ቀለበቱ የሚናገረው፣ በቀይ፣
ባዶው ወንበር ላይ ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ
እንደ ገበጣ ተጫዋች ተፋጠው።

ቱቦው አፏጨ። ከባሕሩ ሥር፣ ከጋዙ ጋር የወጣ ሂሊየም
ነጭ ትንፋሹን ተፋ።
መቶ። ሃያ። አሥር። አራት ኬልቪን።
ፕሮቲኑ ሁሉ ባለበት ደረቀ፤
አንዱ ክንዱን እንዳጠፈ፣ አንዱ ወገቡን እንደ ሰበቀ፤
አንድ ናቸው የተባሉት፣ ለካ እያንዳንዱ
በአቀማመጡ ልክ ቀለሙ ለየቅል ነው።

ሌዘሩን ከፈትኩ፤ ቀጭን፣ የማያወላውል ቀለም።
ከዚያ ሁሉ ጭፍራ ስሙን የሰማ ብቻ አቤት አለ፣
ሃይድሮጅኖቹ ሩብ ዙር ዞሩ፣
በቀለሙ ኮረብታ ላይ ጠባብ ጉድጓድ ተማሰ።
ብርዱ እስካለ ድረስ ጉድጓዱ አይደፈንም፤
ጥቂት አሙቀው፣ መልሰው አቀዝቅዘው ሲያዩት፣
የሰፋውን ያህል ፕሮቲኑ ተነቃንቋል ማለት ነው።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ የጉድጓድ ወርድ መለካት።
እናቴ ስትጠይቀኝ «ስለ ደም አጠናለሁ» እላለሁ፤
ውሸት ነው፣ ግን ሩቅ ውሸት አይደለም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የቢጁ ስልክ ጮኸ።
ወንድሙ ሻጂ፣ ቀን በፀሐይ ብረት ሲያስር የዋለ፣ ወድቋል።
ቢጁ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ሮጠ።
ሂሊየም መቅዳት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤
ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቁጥሩ ሲወጣ አየሁ፦
አሥራ አንድ፣ አርባ፣ መቶ ሠላሳ።
ጉድጓዱ ሰፋ፣ ሳሳ፣
ከዚያ መስመሩ ማንም እንዳልነካው ለስላሳ ሆነ።
የስድስት ሰዓት ሥራ።

ቢጁ ሲነጋ ተመለሰ፣ ዓይኑ ቀልቶ።
«በበረዶ ከበውት አደሩ» አለኝ። «ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሯል።
ሐኪሙ አንድ ቃል ተናገረ፣ የማውቀውን ቃል፤
ጡንቻው ከሙቀት ብዛት ፈርሶ፣ ወደ ኩላሊቱ የፈሰሰው…»
ቃሉን አልጨረሰም። ብልቃጡን አሳየኝ።

ሻጂ ይተርፋል ብለዋል፤ ብለዋል እንጂ።
መዝገቡን ገለጥኩ። ሙከራው የተቋረጠበት ሰዓት።
«ምክንያት» በሚለው ቦታ «ሙቀት» ብዬ ጻፍኩ፣
ብዕሩን ሳላነሣ ጥቂት ቆየሁ።
ቢጁ ሌላ ጓንት አጠለቀ፤
እኔ ቱቦውን ያዝኩ።