የአንሙት ወሬ

አንሙት ከማርቆስ ለእረፍት ሲመጣ፣
ቢቸና መናኸሪያ ሻዩን ሲጠጣ፣
«ግቢ ሌላ ነው» አለኝ፣ «ሌላ ነው ነገሩ፣
በስምህ ጠርቶህ ነው የሚጠይቅ መምህሩ፤
መጽሐፉ እንደ ልብ፣ ክርክሩ እስኪነጋ፣
ማንም አይቆጣህ ደብተር ብትዘጋ።»

ሄድኩ።

ብርድ ልብሴን ታቅፌ ገባሁ በጥቅምት፤
ዶርሙ አንድ ክፍል፣ እኛ ደግሞ ስምንት፤
ዘጠነኛው ነፋስ ነው፣ ከጮቄ የመጣ፣
መስታወት በሌለው መስኮት ገብቶ የማይወጣ።

መምህሩ ስሜን ቀርቶ መልኬን አላወቀው፤
«ተራ ቁጥር ሰባ!» ብሎ ነው የሚጠይቀው።
ውሃ የምትመጣው ሌሊት ዘጠኝ ግድም፤
ስንቱን ገጽ አጠፍኩት ጀሪካን ሲቀድም።
ክርክሩስ? አለ፤ ስሜነህና ገመቹ
«ሽሮው ወጥ ነው ሾርባ?» ብለው እስኪሰለቹ።

ግሬድ ወጣ። ሲ።
ስልኬን ገለበጥኩት፤
አባቴ ሲደውል «ደህና ነው» አልኩት።
ያን ማታ ገመቹ፣ የራሱ ዲ ሆኖ ሳለ፣
ግማሽ ብስኩት ሰጥቶኝ «ብላ» ብቻ አለ።

ይህን ግን አንሙት ከቶ አልነገረኝም።

በየካቲት እረፍት ቢቸና ስደርስ፣
አበጀ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ሻዬን ሳልጨርስ፣
«ግቢ እንዴት ነው?» አለኝ።
ዓይኑ ላይ ያው ያኔ የእኔ የነበረው ጉጉት፤
ነፋሱን፣ ቁጥሬን፣ ዋጥ አድርጌ ተውኩት።
«ግቢ ሌላ ነው» አልኩት።
ብስኩቱ ግን ምላሴ ላይ ነበር።
ሻይ አዘዝኩለት።