አርባ ሰባት፣ አሥራ ስድስት

እኔ ነኝ ደብዳቤውን የጻፍኩት፤
«አዝነናል» ብዬ ጀምሬ፣ ሳላዝን የፈረምኩት።
ሳን ፈርናንዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኢንሹራንሱ ቢሮ፣
ሻዬ ሳይበርድ ተዘጋ፣ ፋይሉ በሲባጎ ታስሮ።

ሰልዊን ጎበርዳን ይባላል፤ ታክሲ ነጂ ነው፣ የፕሪንስስ ታውን፤
በዝናብ ሌሊት ሰረቁት፣ ከደጁ፣ ያን ኒሳኑን።
ገና ሁለት ዓመት ብድር ነበረው፤
የልጁን የመጀመሪያ ጫማ ነበር ከመስተዋቱ ያሰረው።

ሲነጋ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ ቆመ ከባንኮኒው ፊት።
«ታርጋ?» አለችው ኮርፖራሏ፤ ቀስ ብሎ ጠራላት፦
አርባ ሰባት፣ አሥራ ስድስት።
እስክሪብቶዋ ነጠፈችባት፤ ነቀነቀቻት፣ ጫረቻት፤
ስልክ ጮኸ፤ ሰካራም ጮኸ፤ አንዲት እናት አለቀሰችባት፤
ከዚያ በትልቁ መዝገብ፣ ጣሪያው በሚያንጠባጥብበት፣
ጻፈች፦ አርባ አንድ፣ ሰባ ስድስት።

ሁለት ቁጥር ቦታ ቢቀያየር ማን ይሞታል ትላላችሁ?
ማንም። ግን ሰው በቁሙ ከመዝገብ ሲጠፋ አይታችሁ
ታውቃላችሁ?

እኔ ጠየቅሁ፤ እነሱ መለሱ፤ ማኅተሙ ደማቅ ሰማያዊ፦
«በዚህ ታርጋ የተሰረቀ የለም።» ቃሉ አጭር፣ ፖሊሳዊ።
ወረቀት አይዋሽም፣ ተብለን አድገናል።
ላልተሰረቀ ማን ይከፍላል? ጻፍኩለት፦ «ይቅርታ፣ አዝነናል።»

የሚገርመው፣ መኪናውን በሦስተኛው ሳምንት አግኝተውታል፤
ሸንኮራ እርሻ ዳር፣ ጎማው ተፈቶ፤ ጎትተው አምጥተውታል፤
«ባለቤቱ ያልታወቀ» ብለው በሌላ መዝገብ አስፍረው፣
ከጣቢያው ጓሮ፣ ከማንጎው ሥር፣ ለዝናብና ለዶሮ ገብረው።
አንዱ መዝገብ ከፊት ጠረጴዛ፣ አንዱ ከኋላ ክፍል፤
በመሃል አሥር እርምጃ፤ ማን ተራምዶ ይጠይቃል?

አሥራ አራት ወር ሰልዊን ብድር ከፈለ፣ ለሌለው መኪና፤
ሌሊት ሲሚንቶ ተሸከመ፤ ቀን ቀን በእግሩ እንደገና
ያንኑ ጣቢያ ተመላለሰ። ኮርፖራሏ ተዛውራለች፤
አዲሷ፦ «ያ መዝገብ ሞልቷል፤ ማከማቻ ነው» ትለዋለች።

እኔም ብሆን ጽድቅ አላሰብኩም፤ ለራሴ ጉዳይ ነው የሄድኩት፤
የተጋጨ በሬን ላስመዘግብ፤ ሽንት ቤት ፍለጋ ጓሮ ዞሬ ነው ያየሁት።
ኒሳን። ያለ ጎማ። በመስኮቱ የገባ የዱባ ሐረግ፣
መሪው ላይ ተጠምጥሞ፣ በሌላው መስኮት ወደ ጣራው ሲያርግ።
ከመስተዋቱ ትንሽ ጫማ። የታርጋውን ጭቃ ጠረግኩ፤
አርባ ሰባት፣ አሥራ ስድስት። ቆሜ፣ ደግሜ አነበብኩ።

ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል።
የተሰረቀው አልተገኘም፤ የተገኘው አልተሰረቀም፤
በሁለቱ መሃል የወደቀን ሰው፣ መዝገብ አያውቅም።

ቢሮ ሮጥኩ፤ ፋይሉን ፈታሁ፤ ፎቶውን አያያዝኩበት፤
አለቃዬ ዴ ፍሬታስ መነጽሩን ጠርጎ፣ ትንሽ ቆየበት፤
«እሰየው፣ ተገኘ!» አለ፤ «ከተገኘ ደግሞ ካሳ የለም።»
ጣቢያውም የማቆሚያ ጠየቀ፤ የአሥራ አራት ወር።
አንድ ቀን አልቀነሱለትም።

ደወልኩለት። መጣ። ስሜን አልጠየቀም።
ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም።
በሩን ሲስበው ዝገቱ ጮኸ። የልጁን ጫማ ፈታ፤
ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጎንበስ አለ ወደ ኋላው ቦታ፤
ከወንበሩ ላይ፣ እንደ ባለጸጋ ተንሰራፍቶ የተቀመጠ፣
አንድ ግዙፍ ዱባ አገኘ፤ እትብቱን በሴንጢ ቆረጠ፤
ክንዱ ላይ አመቻችቶ ዞሮ አየኝ፦
«ይኸኛው» አለ፣ «ይህን ሁሉ ወር ተሳፍሮ፣ ሂሳብ አልሰጠኝ።»

ሳቅኩለት።
ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው፣ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።