ገጽ ዘጠና አራት

ሰኞ ጠዋት ባንትይርጉ፣ መምህራችን ገብቶ፣
ባለ ሦስት መቶ ገጽ ጥራዙን አንስቶ፣
«ለዓርብ ይነበብ፣ ከዳር እስከ ዳር» አለ፤
ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ፣ ቀጠለ።
ርዕሱ ረጅም ነው። ሁለት መስመር ሙሉ።
«የአፈር መከላት እና…» ከዚያ ወዲያ ያሉ
ቃላት አልገቡኝም፤ ብቻ ከታች በኩል
የእርከን ፎቶ አለ፣ የጠቆረ እንደ ኩል።

እኔ ግን በቦርሳዬ ሌላ ሰው ይዣለሁ፤
ፒያሳ ከእንየው ዘንድ ተከራይቻለሁ፤
ሽፋኑ ተቀዶ በፕላስተር ታሽጎ፣
ስንቱ ተከራይ በዳሩ እንባውን ጠርጎ።
ኪራዩ በአዳር ነው፤ ለእንየው ሰበብ የለም፤
«አንድ ሌሊት ካለፈ እጥፍ ነው፣ ጥሩዓለም።»
ብር የከፈልኩበት ከአልጋዬ ሲያስነሳኝ፣
በነጻ የታደለኝ በወንበር አስተኛኝ።

ትርንጎ ከጎኔ በቢጫ ታቀልማለች፤
ሁሉን ካቀለመች ምኑን መርጣለች?
«ይህ እውነት ነው» ትላለች፣ «ያንቺ ግን ፈጠራ።»
የሰው እውነት ታዲያ ሰውን ለምን አይጠራ?

ማራኪ። እኩለ ሌሊት። መብራቱ ጠፍቷል፤
ቆርቆሯችን ላይ ሰማይ ሽምብራ ደፍቷል።
የስልኬ ባትሪ ቀይ ነው፣ ለሁለት አይበቃ፤
በዚህች ጭላንጭል የቱን መጽሐፍ ላንቃ?
ልቦለዱ ውስጥ አንዲት ሴት የሰው ሻንጣ ይዛ
ከመናኸሪያው በር ቆማለች ተክዛ።
ምን አለ ሻንጣው ውስጥ? ልትከፍተው ነው አሁን፤
አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ… በቃ፣ ነገ ይሁን።
አይ፣ ነገ ዓርብ ነው። ጥራዙን ገለጥኩት።
ገጽ አሥራ ሁለትን ሰባት ጊዜ አነበብኩት።

«ከላይ እንደተገለጸው፣ ከታች እንደምናየው፣
ከግምት ውስጥ ሲገባ…» ማን ገባ? ማን አየው?
ግሡን ስጠብቀው ሁለት መስመር ሄዶ
«ተደርጓል» አለና ተቀመጠ ወርዶ።
ማን አደረገው? ዝም። ማንም ላም አያልብም፤
ዝናብ እንኳ ይለካል እንጂ አይዘንብም።

(ጣራዬ ላይ ያለው ይህን አልሰማ ይሆናል።)

ገጽ ዘጠና አራት ላይ ሠንጠረዥ ገጠመኝ፤
ልዘለው ስል ከግርጌ አንድ ቁጥር ያዘኝ፦
«ተጠያቂ አርባ ሰባት። ሴት። ዕድሜ ስልሳ ሁለት።
የእርሻ ይዞታዋ ሩብ ሄክታር መሬት።
እርከኑን ማን ሠራው? ብቻዋን፤ በሌሊት።
ምክንያቷ ሲጠየቅ፦ መልስ አልተገኘበት።»

በሌሊት?

ለምን በሌሊት? ከማን ተደብቃ፣
ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ጨረቃ በጨረቃ?
ወሰንተኛ እንዳያይ? ወይስ ቀን ለሰው ውላ
ለራሷ የቀራት ሌሊቱ ነው ኋላ?
ጠያቂው ወጣትስ፣ እስክሪብቶው ሲነጥፍ፣
ወደ አርባ ስምንተኛው በር ቸኩሎ ሲያልፍ፣
ጃንጥላውን ዘርግቶ አጥሯን ሲሻገር
ዞር ብሎ አይቷት ይሆን? አልጻፈውም። ነገር
እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ስልኬም ሞተ።
ሁለት ሴቶች ከእኔ ጋር ጨለማ ውስጥ ቀሩ፤
አንዷ ሻንጣ፣ አንዷ ድንጋይ ይዘው፤ አይናገሩ።

ዓርብ። «ዋናው ግኝት ምንድን ነው?» አለ ባንትይርጉ።
ስለ ቶን፣ ስለ መቶኛ ሌሎቹ ሲያወጉ፣
እኔ «በሌሊት ነው» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ።
እሱ አልሳቀም፤ መነጽሩን አወለቀ።
«ስንተኛው ገጽ?»
ነገርኩት። ገለጠ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣
ልክ እንደ እኔ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ አዲስ አንባቢ።
ጣቱ መስመሩ ላይ ቆየ።

ከዐሥር አራት ሰጠኝ።

ቅዳሜ ለእንየው እጥፍ ከፈልኩ፤
ሻንጣው ባዶ ነበር። ቢሆንም አለቀስኩ።
በፒያሳ ቦይ ውስጥ ጎርፉ ቁልቁል ሲወርድ፣
ቡናማ፣ ወፍራም፣ ወደ ቀሃ ሲነጉድ፣
ቆሜ አየሁት። ጃንጥላ አልነበረኝም።
የማን ሩብ ሄክታር? መጽሐፉ አልነገረኝም።