አራት መቶ ዘጠና ስምንት

ሶዳንኪላ፣ የካቲት፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ ውስጡ የናፍጣ ሙቀት።
ከቁልፍ መስቀያው ጎን ሁለት ነገር ይነበባል፤
አንዱ የኔ ወረቀት፣ የሠራተኛ ዜና፤
ሌላው ነጭ ሰሌዳ፣ «ያለ አደጋ» ይላል፣
ቁጥሩ አራት መቶ ዘጠና
ስምንት።

የዚህ ወር ዜና፦
ሳንቴሪ ሴት ልጅ ወልዷል፤ ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ፤
ሩቅ ጉዞ አይመደብም፣ ይነዳል እንቅልፍ አጥቶ።
አዲሷ ሾፌር ኦይሊ ከኬሚ መጥታለች፤
የግንድ መጫኛውን ክሬን ከሁላችን በላይ ታውቃለች።
(ራይሞ ይህን ሲያነብ አጉረምርሟል።)
አንድ ግራ ጓንት ተገኝቷል፤ ባለቤቱን ይጠብቃል።
ታውኖ ላይቲነን በመጋቢት ጡረታ ይወጣል፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ወገብ።
ኬክ ይኖራል።

ከሥሩም እንደ ሁልጊዜው፣ በቀይ፦
ከጋቢና ስትወርዱ ፊታችሁ ወደ መኪናው፤
ሁለት እጅ አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግር አንድ እጅ፤
ሦስት መያዣ፣ ምንጊዜም። መዝለል ክልክል ነው።
ድስት እንኳ በሁለት ጉልቻ አይቆምም፤
ሰው ግን ይሞክራል፣
ሲቸኩል ከድስት አይማርም።

አምስት መቶ ሲሞላ ሄልካ ቃል ገብታለች፤
ስማችን የተጠለፈበት ጃኬት ታለብሰናለች።
ስለዚህ ያለፈ ያገደመው ሰሌዳውን ያያል፤
ፋሲካ እንደ ቀረበው ጿሚ ቀን ይቆጥራል።

ሰኞ ማታ ታውኖ ገባ። ጓንቱን አላወለቀም።
መዝገቡን በግራው ፈረመ፤
በሠላሳ ስምንት ዓመት በግራው ፈርሞ አያውቅም።
«ምን ሆንክ?»
«ምንም።»
«ታውኖ።»
«የታችኛው ደረጃ በረዶ ይዞ ነበር።
እኔ አልወደቅሁም፤ መሬቱ ነው ቀድሞ የመጣው።»

ጓንቱን ቀስ ብዬ ሳወልቀው አንጓው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።
«አትጻፊው» አለኝ። «ሁለት ቀን ነው የቀረው።
የልጆቹ ጃኬት በኔ የተነሳ አይቅር።
ሳውና ደጃፍ ወደቅሁ እላለሁ፤ ማን ይጠይቃል?
ሽማግሌ ሁሌ ይወድቃል።»

ልንገራችሁ፣ አሰብኩበት።
የእስክሪብቶውን ክዳን ስከፍት ስዘጋ ቆየሁ።
እዚያ ቁጥር ውስጥ ስንት ጓንት አለ፣ ሳይወልቅ የቀረ?
ስንት ወገብ አለ፣ «ሳውና ደጃፍ» የተሰበረ?
በመቶ አሥራ ሁለተኛው ቀን ራይሞ ሲያነክስ
«ኳስ ነው» አለኝ፤ አመንኩት፤
ኳስ መትቶ የማያውቅ ሰው።
ለካ ቁጥሩ ሲደልብ እኛ ነን የምንከሳው።

ደግሞ ያቺ መኪና ነገ ጠዋት የኦይሊ ናት።
ያች ደረጃም።

ተነሳሁ። ስምንቱን፣ ዘጠኙን፣ አራቱን
በመዳፌ ጠረግሁ፤
ሦስት መያዣ ነበሩን፣ ሦስቱንም ለቀቅሁ።
ዜሮ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ክቡ እንቁላል መሰለ።
ታውኖ ዝም ብሎ አየኝ፣ አየኝ፤
በመጨረሻ እጁን ሰጠኝ።
በኔ መኪና ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን፤
ሲወርድ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ደህነኛውን እጅ፣ እግሩን፣ እግሩን።

ሳምንት ሙሉ ማንም አላናገረኝም።
ሳንቴሪ ብቻ የልጁን ፎቶ አሳየኝ፣ ያውም ሲያልፍ።
በስምንተኛው ቀን ራይሞ ብየዳውን ጎትቶ መጣ፤
በየጋቢናው ሥር ጥርስ ያለው ብረት በየደ፣ እየተነጫነጨ፤
ሲጨርስ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣
«ስለዚያ ጉልበቴ...» አለ። ወንበር ሳብኩለት።

የመጋቢት ዜና፦
ሰሌዳው ላይ አሥራ ዘጠኝ አለ።
ስለ ጃኬቱ ሄልካ እስካሁን ምንም አላለችም።
ኬኩ ዓርብ ነው፤ ታውኖን የምትቆርሱለት እናንተ ናችሁ።
ግራ ጓንቱንም እሱ ወስዶታል፤
ቀኙ ጀሶ ውስጥ ነው፣
ለጊዜው አንድ ይበቃዋል።