ቀሪ

ሦስት ካርቶን ነው ጠቅላላ ሕይወቱ፤
ምስጥ ያልቀመሰው አንዱ ብቻ ነው፣ ከሦስቱ።
"የመምህር ገብረየስ ንብረት" ይላል፣ በቀይ እርሳስ፣ ከላይ፤
ከሥሩ፣ በሌላ እጅ፦ "ይጣል ወይስ ይቆይ?"
መልስ የሰጠ የለም። ይሄው አርባ ዓመት
ቆየ፣ "ይቆይ" ሳይባል፣ በግብርናው ትምህርት ቤት መጋዘን፣ በጅማ እርጥበት።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ዕፅዋት አላውቅም፤
ብሳናን ከዋንዛ ብዙም አልለይም።
ፍታና ዘርዝር ተባልኩ፤ ፈታሁ።
አስነጠሰኝ፤ ቁጥር መስጠት ጀመርኩ።

ቁጥር አንድ፣ ደብዳቤ፣ ለሚኒስቴሩ፦
"ያረጀ ጋዜጣ ካለ፣ እባካችሁ፣ ይላክልን ከነክሩ።
ቅጠል የምናደርቀው በሱ ነው፤ ክረምቱ ገባ፤
የዚህ አገር ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም፤ ይሻግታል አበባ።"
መልሱ የመጣው በሁለተኛው ዓመት፦
"ጋዜጣ ለንባብ ነው። ጥያቄዎ ይብራራ፣ ከነምክንያት።"

ቁጥር አሥራ አንድ፣ የወጪ ደረሰኝ፦
"ለአባ ፊጣ፣ ከቦዬ ረግረግ እስከ አዌቱ ዳር ለመራኝ፣
ሰባት ስም ለነገረኝ፣ ብር ከሃያ።"
ከግርጌው፣ በደቃቅ ፊደል፦ "ዕዳዬ አላለቀም። ስም የሚሸጥበት የለም ገበያ።"

ቅጠሎቹም አሉ፣ ጊዜ ያጠቆራቸው፤
ላቲኑ በቀጭን ብዕር፣ ከታች ነው፣ እንደ ማስታወሻ፤ ከላይ በወፍራሙ
ወዴሳ፣ በደሳ፣ ሆሚ፣ አባ ፊጣ እንደጠራቸው።
አንዱ ወረቀት ላይ ግን ቅጠሉ የለም፤ ረግፏል ወይ ተበልቷል፤
ጥላው ብቻ፣ ቡናማ፣ ጋዜጣው ላይ ታትሟል፤
እጄን ባስቀምጥበት፣ መዳፌን አክሏል።
"ከአዌቱ ድልድይ በላይ፣ ብቸኛ ዛፍ። ማክሰኞ ቆረጡት።
ኀሙስ ደረስኩ። አመዱን አሳዩኝ። አመድ አይመደብም፤ ጻፍኩት።"

የመጨረሻው ካርቶን ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የስም መጥሪያ መዝገብ።
ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት።
መንክር፣ አለ። ነጂማ፣ አለች። ሂርጳ፣ ቀሪ።
በሳምንቱ ነጂማ፣ ቀሪ።
ከዚያ "ቀሪ" እንደ አረም ነው፣ ዓምዱን እየወረሰ፤
"አለ" የሚለው እያነሰ።
ግንቦት ላይ ሁሉም ቀሪ። እሱ ግን ይጠራል፤
ለወንበሮች፤ ቀን ይጽፋል፣ ይፈርማል።
ከያንዳንዱ ቀሪ ጎን፣ በእርሳስ፣ ብርሃን ላይ ካልያዙት በማይነበብ ድቅቅ፦
"ያንቀላፋ ዘር። ሞቷል አይባልም፣ አፈር ሳይጠየቅ።"

በእኛ ቢሮ ደግሞ ቀሪ ሌላ ነው፤
ዋናው ሲላክ፣ እዚህ ከፋይሉ የሚያያዘው፤
የደበዘዘው ካርቦን፤ ነገር ሲጠፋ፣ ማስረጃው።
ይህን ያውቅ ነበር ወይ? እንጃ።

"ይጣል ወይስ ይቆይ?" ከሚለው ሥር፣ እርሳሴን ቀርጬ
"ቀሪ" ብዬ ጻፍኩ። ዝናቡ እስኪያባራ፣ ካርቶኖቹ መሃል ተቀምጬ፣
ማንም አልነበረም፣ በሩን ገጠም አድርጌ፣
ስም ጠራሁ፣ ከሂርጳ ጀምሬ።